ላሞች የተከተሏት ሴት

የጂንካ የአውሮፕላን ሜዳ ከከተማው ውጭ አይደለም፤ ከተማው ራሱ ሜዳውን ከቦ ነው የተቀመጠው። አጥር የለውም። ሣሩም ለምለም ነው። አውሮፕላኑ የሚመጣው አልፎ አልፎ፣ ያውም ዝናብ ካልከለከለው ነው፤ ከብት ግን ሁልጊዜ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ከብቱን የሚያባርር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሥራ የዳርጌ ነበረ። ዳርጌ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ሥራው የሚስቱ የሣራ ሆነ።

ሣራ ሥራውን ስጡኝ ብላ አልጠየቀችም። እሷ መጠየቅ የሚባል ነገር አይሆንላትም። ዳርጌ በሄደ ሰሞን የአውሮፕላኑ ድምፅ ከተራራው ጀርባ ተሰማ፤ ሜዳው በከብት ተሞልቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ «የዳርጌ ሰው የለም ወይ?» ሲል ሣራ የባሏን ዱላ ከደጃፉ አንሥታ ወጣች። በዚያው ቀረች። ቅሪም ሂጂም ያላት ሰው የለም።

ሌላው ሰው ከብት ሲያባርር ይጮኻል፣ ድንጋይ ይወረውራል። ሣራ አትጮኽም። ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት ቀጭ ቀጭ ታደርግና፣ ወደ ሜዳው ገብታ ላሞቹን በጎን በጎናቸው በዱላዋ ነካ ነካ እያደረገች ትነዳቸዋለች። ቀይዋ ላም ከወጣች ሌሎቹ ይከተላሉ። ይህን የነገራት ዳርጌ ነው። «ቀይዋን ካሳመንሽ ሌላው ሕዝብ ነው» ይላት ነበር።

የተወለደችው ካኮ ነው፤ ወገኗ አሪ ነው። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አሟት ተነሣች፤ ከዚያ ግን ፊቷና እግሯ አበጠ፣ ሽንቷም የሥጋ እጣቢ መሰለ። እናቷ ቅጠል ቀቀለችላት፤ አባቷ ጸለየላት፤ እብጠቱም ሲጎድል ዳነች ተባለ። አማርኛን የለመደችው ትልቅ ሴት ሆና ጂንካ ገበያ ላይ ነው። መሠረተ ትምህርት ሲመጣም ከሽማግሌዎች ጎን ተቀምጣ ፊደል ቆጥራለች። ስሟን መጻፍ ትችላለች፤ ሰው እያየ ግን እጇ ይያዛል። አንድ ጠባይ አላት፦ ሰው የነገራት ነገር ካልገባት ራሷን ትነቀንቃለች። የገባት ይመስላቸውና ይተዋታል። መተዋቸው ለሣራ እረፍት ነው።

ዳርጌ በዚህ የተለየ ነበረ። ወሬ ይወዳል፣ ሰው ይወዳል፤ ገበያ ሲሄዱ የሚከራከረው እሱ፣ በጸሎት ቤት ሰላምታ የሚሰጠው እሱ ነው። «አንቺ ዝም በዪ፤ ያንቺንም ድርሻ እኔ አወራዋለሁ» ይላታል። እሷም ትስቃለች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይደርስ ወጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ እግሯ አብጦ ነበር። ያኔም ጎረቤት መጥቶ ሲያዝን መልስ የሰጠው ዳርጌ ነው።

የተወሰደ ቀን መኪናው ቀበሌው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። እናቶች ያለቅሳሉ፣ ጎረምሶቹ ደፋር ለመምሰል ይዘፍናሉ። የሣራ የወር አበባ ከቀረ ቆይቷል። ያለፈው እንዳይደገም ፈርታ ለሱም ሳትነግረው ነው የቆየችው፤ ዛሬ ግን ልትነግረው ቆርጣ መጣች። መኪናው ሥር ቆማ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ልትዪኝ ነው?» አላት፣ ከላይ ጎንበስ ብሎ።

ሰው በዝቶ ነበር። ጎኑ የተቀመጠው ጎረምሳም አፏን ያያል።

«ምንም» አለችው።

መኪናው ተነሣ።

*

እብጠቱን መጀመሪያ ያየው ሰው አላዘነላትም፤ አደነቃት እንጂ። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ወጣ፣ እግሯ ወፈረ። ከሱቋ ደጃፍ የማትነሣው እትዬ የሺመቤት እንኳ «ባል ሲሄድ የሚያምርባት ሴት ዛሬ አየሁ» ብላ ቀልዳባታለች። አጥር ለአጥር የምትጎራበታት ሙሉነሽ ደግሞ ሆዷን ካየች በኋላ ነገሩ ገብቷት ወንድ ነው አለች፤ ወንድ ሲሆን እናት ትወፍራለች አለች። ሣራም ራሷን ነቀነቀች።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደምሰው ግን አላመነም። ደምሰው ከደጋ የመጣ፣ ቀልድ የማይጠፋበት ሰው ነው። «ሣራ፣ ከብቶቹ ስታባርሪያቸው ወተት ይሰጡሻል እንዴ?» አለና አውራ ጣቱን ቅልጥሟ ላይ ተጭኖ አነሣው። የጣቱ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። የደም ግፊቷን ለካ፤ ደግሞ ለካ። ሽንቷን በብልቃጥ አድርጎ እሳት ላይ ሲያሞቀው እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። ትልቁን ሐኪም ጠብቂ አላት።

ትልቁ ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነው፤ ሩቅ ካለው ሆስፒታል በአውሮፕላን እየመጣ በሽተኛ ያያል። አማርኛ አይችልም፤ የሚያስተረጉምለት ደምሰው ነው። ሣራን አስተኝቶ ሆዷን ዳሰሰ፣ ዓይኗን ገለጠ፣ ከክንዷ ደም ቀድቶ ይዞ ሄደ፤ በተከታዩ ሲመጣ ወሬውን ይዞ መጣ። ረጅም ነገር ተናገረ። ደምሰው መሬት መሬት እያየ አስተረጎመላት።

«ኩላሊትሽ ደክሟል ይላል። የዛሬ ሳይሆን የቆየ ነው ይላል። ኩላሊት ማለት ደም የሚያጥብ ነው። ያንቺ ማጠቡን እየተወ ነው። በነሱ አገር ደም የሚያጥብ መኪና አለ። ኩላሊቱ እምቢ ያለው ሰው በሳምንት ሁለትም ሦስትም ቀን አጠገቡ ይተኛል፤ ደሙ በቱቦ ይወጣል፣ ታጥቦ ይመለስለታል። በዚያ መኪና የምትኖር ሴት አብዛኛውን ጊዜ አታረግዝም ይላል። ያረገዘች እንደሆነ ደሟን ቶሎ ቶሎ ያጥቡላታል። አንዳንዷ ትወልዳለች፤ ብዙዋ አይሆንላትም።»

ሣራ ኔሪ ወንዝ ላይ ልብስ ስታጥብ ውሃው እንዴት እንደሚደፈርስ አሰበች። ያ እድፍ የት ይሄዳል? የልጁንስ ደም ማን ያጥብለታል? የሷ ኩላሊት ነው የሁለቱንም የሚያጥበው ማለት ነው? ጥያቄው ምላሷ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁለት የተማሩ ወንዶች እያዩዋት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል።

ሐኪሙ ደግሞ ተናገረ። እዚህ አገር መኪናው የለም። ግፊቷ እንዲህ እንዳለ ከቀጠለች እሷም ልጁም አይተርፉም። ስለዚህ ፅንሱ ይውጣ፤ እዚህ አይሠራም፤ በሚቀጥለው ሲመጣ ይዟት ይሄዳል። እስከዚያ ጨው የሚባል በአፏ እንዳይዞር፣ ውሃም በልክ ይሁን።

«ተስማምተሻል ወይ ይልሻል» አላት ደምሰው።

ሣራ ራሷን ነቀነቀች።

*

ጂንካ ላይ ጎረቤት ጎረቤት የሚሆነው በቡና ቅጠል ነው። ጠዋት ጠዋት አንዷ ቤት ቅጠሉ በትልቅ እንስራ ይፈላል፤ ዝንጅብል አለው፣ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ቃሪያ አለው፣ ጨው አለው። በሽክና እየተቀዳ ይዞራል። ተራው የሙሉነሽ ሲሆን ሣራ ሄደች፤ ሽክናው ሲደርሳት ወደ ጎኗ አሳለፈችው። በማግስቱም አሳለፈችው።

ሙሉነሽ ምን ሆነሽ ነው አለቻት። ሣራ ምን ትበል? ኩላሊት ብትል ምን ሊያደርጉሽ ነው ይሏታል። ሊያስወጡልኝ ነው ትበል? በጸሎት ቤቱ ሴቶች ፊት? «ጨው አለው» ብቻ አለች።

«ጨው የሌለው ቅጠል ማን ያፈላል?» አለች ሙሉነሽ። ሴቶቹ ሳቁ። ሣራ ዝም ስትል ግን የሙሉነሽ ፊት ተለወጠ። «ወይስ ቤቴ የሸክላ ሠሪ ቤት መሰለሽ?»

ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በአሪ አገር ገበሬ ወገን ከሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ ሽክና አይጠጣም፤ በጸሎት ቤት ሁላችንም አንድ ነን ቢባልም እጅ የለመደውን አይተውም። ሽክና መግፋት ማለት አንቺ ከኔ በታች ነሽ ማለት ነው። ሣራ አይደለም ልትል ነበር፤ እንባዋ ቀደማትና ተነሥታ ወጣች። እንባዋን አላዩም። ያዩት ጀርባዋን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሽክናው ወደ ሣራ ቤት አልመጣም። ተራዋ ሲደርስ ዘለሏት። በአጥሩ በኩል ሲስቁ ትሰማለች። ጎደሬዋን ያለ ጨው ቀቅላ ብቻዋን ትበላለች፤ እንዲያ ያለ ምግብ አፍ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። ዳርጌ ቢኖር ኖሮ ይህን ጊዜ አጥሩን ተደግፎ «ሚስቴን ሐኪም ነው ጨው የከለከላት፣ እናንተ ደግሞ ቅጠል ከለከላችኋት» ብሎ በሳቅ ይጨርሰው ነበር። ዳርጌ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰሜን ነው ይላሉ። ሰሜን ሰፊ ነው።

አንድ የቀራት ነገር የካኮ አፈር ነው። ከካኮ ቁልቁል ካለው ገደል የሚቆፈር፣ አመድማ፣ ከብት የሚልሰው አፈር አለ። ያረገዘች ሴት ልቧ ሲያርርና ምራቋ ሲበዛ ከዚያ አፈር ትንሽ ትንሽ ትልሳለች። እናቷ እሷን ስታረግዝ ልሳለች፤ የእናቷም እናት። ለወንድ አይነገርም፤ ለድሬሰር ደግሞ እንዴት ተብሎ፤ አፈር ትበላለች እንዲላት ነው? ሣራ ከገበያ ያመጣችው አንድ ከረጢት ነበራት። ጨው የሌለው ጎደሬ አልወርድ ሲላት ከአፈሩ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ታኖረዋለች። ያኔ ምራቋ ይረጋል፣ አፏም ይታረቃታል። ብቻዋን ስትሆን እናቷ አጠገቧ ያለች ይመስላታል። ቀን በቀን እየበዛ ሄደ።

እብጠቱ ባሰ። ጠዋት ዓይኗ አልገለጥ ይላት ጀመር። ደምሰው ግፊቷን ሲለካ ከንፈሩን ነከሰ።

«ጨው ትበያለሽ» አላት።

«አልበላም።»

«ሣራ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ንስሐ አልሰጥሽም። እውነቱን ንገሪኝ።»

«አልበላም ጋሽ ደምሰው። እውነቴን ነው።»

እውነቷን ነበር። የሱቁን ነጭ ጨው ከቤቷ ካወጣች ቆይታለች። ደምሰውም አመናት፤ ሣራ መዋሸት እንደማትችል ያውቃል። ማመኑ ግን ለክፉ ሆነ። ጨው ካልበላሽ እንግዲያው ኩላሊቱ ነው ያለቀው አላት፤ ሐኪሙ ሲመጣ ሳትውይ ሳታድሪ ትሄጃለሽ አላት።

በዚያ ሳምንት ልጁ ሆዷ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ያለፉት ሁለቱ ሳይንቀሳቀሱ ነው የወጡት። ይኸኛው እንደ ዓሣ ሸርተት አለ፤ ደግሞ ቆየና መታ አደረጋት። ሣራ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሜዳው ጥግ ቆመች። ለዳርጌ ያልነገረችው ነገር ይኸው ራሱ መናገር ጀመረ።

አይሆንም ማለት አለባት። ራሷን ነቅንቃ ለሐኪሙ ቃል የሰጠች እሷ፣ አሁን አይሆንም ማለት አለባት። ማንም በሌለበት ለላሞቹ ተለማመደች። «አይሆንም» አለቻቸው ቀስ ብላ። ላሞቹ ሣር መጋጣቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ጮክ አድርጋ ደገመችው። ቀይዋ ቀና ብላ አየቻትና ተመልሳ ወደ ሣሯ።

*

አውሮፕላኑ በሚመጣበት ቀን ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ነበር። አይሆንም የሚለው ቃል ለሰው ገና አልወጣትምና ሣራ ጓዟን አሰረች፤ ጓዝ ከተባለ። ከረጢቱ ውስጥ የቀረውን አፈር ሁሉ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ በማታውቀው አገር ይህንን ከየት ታመጣለች? እርጥብ ነበርና ጨርቁን አልፎ እጇን አራሰው።

ቸርኬውን መታች። ወደ ሜዳው ገባች። ቀይዋን በጎኗ ነካ ስታደርጋት ቀይዋ አልወጣችም። ዞራ መጣች። አፍንጫዋን ወደ ሣራ ነጠላ ዘርግታ አሸተተች። ከኋላዋ ጥቁሯ መጣች፤ ከዚያ ጊደሮቹ። ሣራ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ መጡ፤ ፈጠን ስትል ፈጠን አሉ። ከሜዳው ልታወጣቸው ወደ ዳር ሄዳ ወደ ሌሎቹ ስትመለስ ያወጣቻቸውም አብረዋት ይመለሳሉ። ከብት አባራሪዋ መሐል ሜዳ ላይ በከብት ተከባ ቆመች።

አውሮፕላኑ ከተራራው ጀርባ ብቅ አለ። ዝቅ አለ፣ ከብቱን አየ፣ እያጓራ ከፍ ብሎ ዞረ። ከሱቅ ከሱቁ ሰው ወጣ። ዳር የቆመ አንዱ «ሣራ፣ ሰው መሆን ቀርቶ ጊደር ሆነሽ እንዴ?» አላት። ሰው ሳቀ። ሙሉነሽም እዚያ ነበረች፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሣራ መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። አውሮፕላኑ ደግሞ ዞረ።

ቀይዋ ነጠላውን ነክሳ ሳበች። ጨርቁ ተቀደደ፤ አፈሩ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ላሞቹ ራስ ለራስ እየተጋጩ ላሱት። ሣራ ያን ጊዜ ገባት፤ እኔን አይደለም የሚከተሉት አለች። ከቋጠሮው የቀረውን በእፍኟ ይዛ፣ ያበጠ እግሯን እየጎተተች ሜዳው ዳር ወዳለው ቦይ ማዶ ሄደችና በተነችው። ሜዳው ላይ የነበረው ከብት በሙሉ ቦዩን ዘሎ ተከተላት። ሜዳው ባዶ ሆነ። አውሮፕላኑ ወረደ።

ደምሰው ከጤና ጣቢያው መጥቶ ሁሉን ሲያይ ነበር። ቦዩ ዳር መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ላሞቹን አየ፣ እጇን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አፈር ነው።»

«ትበይዋለሽ?»

ሣራ አንገቷን ደፋች። «ያረገዘች ትልሰዋለች» አለች። «እናቶቻችን ሁሉ።»

«ላሞቹስ ለምን የሚልሱት ይመስልሻል?»

«ይጥማቸዋላ።»

«ምኑ?»

ሣራ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። አመድማው አፈር ጣቷ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ በምላሷ ነካችው። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ጣዕም ነው። ካኮ ላይ ሁሉም አፈር ነው የሚለው፤ ጨው ከሱቅ የሚገዛው ነጩ ነው። ግን ለሳምንታት ጨው ያልገባበት አፏ አሁን ሌላ ስም ሊሰጠው አልቻለም።

«ጨው ነው» አለች። «ጋሽ ደምሰው፣ ጨው ስበላ ነው የከረምኩት።»

ደምሰው ሊቆጣ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ጨው ተዪ አልኩሽ እንጂ አፈር ተዪ መች አልኩሽ» አለ ቀስ ብሎ። ይዟት ወደ ሐኪሙ ሄደ።

ሐኪሙ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ክንፉ ሥር ቆሞ ነበር። ደምሰው ነገሩን በነሱ ቋንቋ ነገረው። ሐኪሙ ግፊቷን እዚያው ለካ። ከዚያ እጁን ወደ አውሮፕላኑ ደረጃ ዘረጋላት።

ሣራ አልተንቀሳቀሰችም። ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ያያታል፣ ልክ ዳርጌ በመኪና እንደተወሰደ ቀን።

«ጋሽ ደምሰው፣ ንገርልኝ» አለች። «ያን ቀን ራሴን የነቀነቅሁት ስላልገባኝ ነው። መስማማቴ አልነበረም። ልጁን አላስወጣም። አፈሩን ትቻለሁ። ልጁን ግን አይሆንም።»

ደምሰው ተረጎመ። ሐኪሙ አላት፣ ኩላሊቷ ያለ አፈሩም ታማሚ ነው፤ አፈሩ አላመጣውም፣ አባሰው እንጂ። ምን ያህሉ የአፈሩ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ የበሽታው እንደሆነ አፈሩ ሳይቆም ማወቅ አይቻልም። ሆስፒታሉ ሄዳ ትተኛ። ግፊቱ ከወረደ ይጠብቃሉ። ካልወረደ ደግሞ ይጠይቃታል።

«ሲጠይቀኝ ያን ጊዜም አልነቀንቅም በለው» አለች ሣራ።

ሐኪሙ ይህን ሲተረጉሙለት ፈገግ አለ፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም ነበር።

ለአውሮፕላን ከብት ስታባርር እንጂ ስትገባበት የመጀመሪያዋ ነው። በመስኮቱ ወደ ታች አየች። ሰው ወደ ሱቁ ተመለሰ። ላሞቹም ቦዩን እየተሻገሩ ወደ ሜዳው ተመለሱ፤ የሚያወጣቸው የለም።

*

የሆስፒታሉ ነገር ብዙ አይወራም። አልጋ ነው፣ መስኮት ነው። ከጎኗ የተኙት ሴቶች ጠያቂ ይመጣላቸዋል፤ ምግብ በሰሃን ይዞላቸው፣ ልጅ አስከትሎ። ሣራ ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች ትመስላለች፤ የሚያዝንላት ሰው እንዳይመጣ ነው። የምታናግረው በአሪ ቋንቋ ሆዷ ውስጥ ያለውን ነበር። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ሐኪሙ በጠየቃት ቁጥር አይሆንም አለች። አይሆንም ማለት ሲለመድ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። እብጠቱ ጎደለ፤ ሁሉም አይደለም። ግፊቱ ወረደ፤ እንደ ጤነኛ ሰው አይደለም። ሐኪሙ በሚመጣበት ጠዋት ፊቱን አይታ ታውቀዋለች፦ አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ክፉ። ስምንተኛው ወር ላይ ግፊቱ እንደገና ዘለለ፤ ዓይኗ ፊት ብልጭ ብልጭ አለባት፤ እንግዲህ መጠበቅ አብቅቷል ብለው በቀዶ ጥገና አወጡላት። ሴት ናት። በጥጥ ተጠቅልላ ስትመጣ ከጥጡ ይልቅ እሷ ታንሳለች። ግን አለቀሰች። ሣራ ያን ለቅሶ ሰምታ፣ ከኔ ደፋር ናት ብላ አሰበች።

ስም ማን ይባል አሏት። አባቷ ያወጣላታል አለች። እስከዚያ ሚጣ ትባል።

ልትመለስ ስትል ሐኪሙ በአስተርጓሚ ነገራት። ከእንግዲህ ማርገዝ የለም። ኩላሊቱ የቀረውን ያህል ያገለግላል፤ ከዚያ ያ የነገርኳት መኪና ካልመጣ ሌላ መድኃኒት የለኝም አለ። ሣራ ራሷን አልነቀነቀችም። «የቀረው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሙ አላውቅም አላት። እንዲህ ያለ የተማረ ሰው አላውቅም ሲል አይታ አታውቅም ነበርና፣ ከሰጧት ሁሉ ይህን መልስ አመነችው።

*

ጂንካ ስትገባ ሙሉነሽ መጣች። ደምሰው ነገሩን ነግሯት ኖሯል።

«ይህን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለቻት።

«እንዴት አድርጌ» አለች ሣራ።

ሙሉነሽ በማግስቱ በትንሽ ማሰሮ ጨው የሌለው ቅጠል አፍልታ አመጣች። መጀመሪያ ራሷ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄማ የእንስራ እጣቢ ነው» አለች። በአንድ ሽክና ተቀባብለው ጠጡት። ሣራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ የሚጥም ነገር አልጠጣችም። ግን ለብቻ ማሰሮ ማን በየቀኑ ያፈላል? ሙሉነሽ ትመጣለች፣ ትቀራለች፤ እየቆየ መቅረቱ በዛ። ሌሎቹ ሴቶች ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ሽክናው ግን እሷን መዝለል ለምዶ ቀረ። ክፋት አይደለም። ልማድ ነው።

ሥራዋን ማንም አልወሰደባትም። ሚጣን አዝላ ቸርኬውን ትመታለች። ሚጣ አደገች፤ ወሬኛ ሆነች፤ ላሞቹን ከጀርባዋ ላይ ሆና የምትጮኽባቸው እሷ ናት። ያባቷ ልጅ።

ከዚያ ጦርነቱ አለቀ ተባለ። መንግሥት ወደቀ። ሠራዊቱ ተበትኖ በየመኪናው እየተጫነ መጣ፤ ጫማ የሌለው፣ ጺሙ ያደገ፣ ከእናቱ በቀር የሚለየው የሌለ። መኪና በመጣ ቁጥር ሣራ ሚጣን ይዛ ትወጣለች። ማታ ማታ እግሯ እንደገና ማበጥ ጀምሯልና ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። የወረዱትን አንድ በአንድ ታያለች። አንዳንዱን ትጠይቃለች፤ አዎ፣ አሁን ትጠይቃለች። ዳርጌን አየሁ ያለ አለ፤ ሌላው ደግሞ ያ ዳርጌ ሌላ ዳርጌ ነው ይላል። መኪናው ባዶ ይሆናል። እሷም ወደ ሜዳው ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት፣ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን፣ ሚጣን ሣሩ ላይ አስቀምጣ እንደዚያ ጊዜው ልትለማመድ ከቀይዋ ላም ፊት ቆመች። ቀይዋ አርጅታለች። ሣራ ሚጣ እንዳትሰማት ዞር ብላ ድምፅዋን ቀነሰች።

«ልጅህ ናት» አለቻት ላሟን። ልክ አልመጣላትም። ትንሽ ጮክ አድርጋ ደገመችው። «ዳርጌ፣ ልጅህ ናት። ያን ቀን ልነግርህ ነበር።»

ላሟ ቀረብ ብላ የሣራን መዳፍ ላሰች፤ ያን አፈር ከጣት እስከ ጣት ፈለገችበት። ምንም አላገኘችም። ወደ ሣሯ ተመለሰች።